የሰቆጣን ሠንጠረዥ ማን ያጣራው?

ሙግት፦ ከቀበሌ የሚመጣ የሥርዓተ ምግብ ሪፖርት በሰው ሰራሽ አስተውሎት መጣራት አለበት?

አለበት
(አዲስ አበባ የሚሠራ የመረጃ ባለሙያ)

መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ስም ቃል ኪዳን ገባ፤ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት። ሥራው በአማራና በትግራይ 40 ወረዳዎች ተጀመረ። ቃሉ መጠበቁን የምናውቀው ግን በኤክሴል ነው። ከቀበሌ ወረዳ፣ ከወረዳ ዞን፣ ከዞን ክልል እስኪደርስ ቁጥሩ በስንት እጅ ይገለበጣል!

የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው ሬይመንድ ፓንኮ ኦዲት የተደረጉ የኤክሴል ፋይሎችን ሰብስበው ሲያዩ ከ10 ወደ 9 የሚጠጉት ስህተት ነበረባቸው። በ2010 እ.ኤ.አ. ራይንሃርትና ሮጎፍ የተባሉ ስመ ጥር ኢኮኖሚስቶች ባወጡት የመንግሥታት ዕዳ ጥናት ውስጥ አንዱ ቀመር 5 አገሮችን ዘሎ ነበር፤ ስህተቱን ያጋለጠው ከ3 ዓመት በኋላ የመጣ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነው። እንግሊዝ በ2020 እ.ኤ.አ. 15,841 የኮቪድ ታማሚዎችን ከሪፖርት ያጎደለችው የአሮጌው ኤክሴል ረድፍ ስላለቀባት ነው።

አሁን አንድ ረድፍ «በወረዳችን መቀንጨር በሦስት ዓመት ከ46 ወደ 20 በመቶ ወረደ» ይላል እንበል። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት የኢትዮጵያ አሃዝ በ2000 እ.ኤ.አ. 58፣ በ2016 38፣ በ2019 37 በመቶ ነው። አገሪቱ በሦስት ዓመት አንድ ነጥብ ስትወርድ ወረዳው 26 ነጥብ ከወረደ፣ ወይ ትልቅ ተአምር አለ ወይ ትልቅ ጥያቄ። የሰው ሰራሽ አስተውሎት መሣሪያ ይህን ጥያቄ በሺህ ረድፍ ላይ ሳይታክት ይጠይቃል። እርግጥ ልጓም ያስፈልገዋል። ድምሩን ከራሱ እንዳያመነጭ ቀመር እንዲጽፍ ይታዘዝ፤ «ተረጋግጧል»፣ «ይቃረናል»፣ «ምንጭ አልተገኘም» ከሚሉት ውጭ መልስ አይፈቀድለት፤ ለተረጋገጠውም የምንጩን መስመር ይጥቀስ። የሕፃናቱ ስም አስቀድሞ ከፋይሉ ይሰረዝ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለና። ይህን አንድ ሰው በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነው፤ አረሙን ቀድሞ የሚያሳየን ካገኘን ለምን እንገፋዋለን?

የለበትም
(ሰቆጣ፣ የቀድሞ የጤና ኤክስቴንሽን ተቆጣጣሪ)

ወንድሜ ሃዋይንም እንግሊዝንም ዞሮ መጣ፤ እዚሁ ዋግ ኽምራ ያለችው ዝቋላ ግን አልደረሰም።

ቁጥሩ ከየት እንደሚወለድ ልንገረው። እናትየዋ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። «መቼ ወለድሽው?» «በማርያም ማግስት።» የቷ ማርያም? አስተርእዮ? ኅዳር ጽዮን? ፍልሰታ? «ገብሱ ታጭዶ ነበር?» «አልታጨደም፤ እሸት ግን ቀምሰናል።» ወሩ የሚገኘው እንዲህ ነው። ይህንንም የምትናገረው በኽምጣና ነው፤ ሠንጠረዡ የሚሞላው በአማርኛ፣ ማሽኑ ይበልጥ የሚያውቀው እንግሊዝኛ! 24 ወር ያልሞላው ልጅ ተኝቶ፣ የሞላው ቆሞ ይለካል፤ በሁለቱ አለካክ መካከል 0.7 ሳንቲ ሜትር ልዩነት አለ። ወሩ ከተሳተ ደህናው ልጅ ቀንጭሯል ይባላል፣ የቀነጨረው ደህና ነው ይባላል። ጳጉሜን የተወለደማ ጉዱ ፈላ። ኤክሴል 13ኛ ወር አያውቅም፤ ስለዚህ ጸሐፊው መስከረም ብሎ ያስገባዋል። ዓመተ ምሕረቱን ወደ አዲሱ ዓመት ካልቀየረው ልጁ በአንድ ሌሊት አንድ ዓመት ያረጃል። ሴሉ ውስጥ የሚታየው «18» ብቻ ነው። በምን አውቆ ነው ማሽኑ «ተረጋግጧል» የሚለው?

በድርቁ ጊዜ ያየሁትን ልጨምር። ስማቸው እስከ አያት የተመሳሰለ ሁለት ሴቶች በአንድ ቀበሌ የተረጂ ዝርዝር ውስጥ ነበሩ። አንድ መሥሪያ ቤት «ድግግሞሽ» ብሎ አንዷን በኮምፒውተር ሰረዛት። ሴትዮዋ ልጇን አዝላ ከቆላ ወጥታ ሰቆጣ ደረሰች፤ መስኮቱ ላይ ያገኘችው መልስ «ሲስተሙ ነው» የሚል ነው። ሲስተሙን ማን ይክሰሰው? ማን ያስታርቀው? የቀበሌ ሊቀ መንበር ሲበድል ቢያንስ ቤቱ ይታወቃል፤ ሽማግሌ ይላክበታል፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይም ዓይን ለዓይን ይገጣጠማሉ። ፈሪሃ እግዚአብሔር የሌለው ነገር የድሃ ስም ላይ እጁን አያንሳ። ይህን ስል ኋላ ቀር መባሌን አውቃለሁ፤ ይባል።

«በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል» አለ ደግሞ። ጎጡ ለመድረስ የአንድ ቀን እግር ነው።

መልስ፦ ከአዲስ አበባ

እህቴ ፈሪሃ እግዚአብሔርን አነሡ። በጎ። የሐሰት ሪፖርት የሚያሳምረው ሰውም እኮ ጾሙን ይጾማል፣ ያስቀድሳል። ሰኔ 2015 ዓ.ም. ዩኤስኤይድና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ለመላ አገሪቱ የሚሰጡትን የምግብ እርዳታ ያቆሙት እህል በስፋት እየተዘረፈ ነው ብለው ነው። ስንዴውን ገበያ ያወጣው ኮምፒውተር አይደለም፤ ስም ያለው፣ ቤቱም የሚታወቅ ሰው ነው። ለወራት የተራበው ግን ያልሰረቀው ነው፤ በዚያው ክረምት ዝናብ የከዳቸው የዝቋላና የሳህላ ሰዎች ጭምር። ያኔ ሽማግሌ ማን ዘንድ ይላክ?

የተሰረዙት እናት ያሳዝናሉ። የሰረዛቸው ግን ሰው የጫነው ቁልፍ ነው።

መልስ፦ ከሰቆጣ

ቁልፉን የጫነው ሰው ከሆነ ስሙን ንገረኛ!

ሌባ የለም አላልኩም። በሌባ ሰበብ እግራችንን አንሰብስብ ነው የምለው። መሣሪያው ቢሮ ከገባ ለመስክ ጉብኝት የሚወጣው አበል መጀመሪያ ይቆረጣል፤ «ተጣርቷል» የሚል ሪፖርት ይዞ ዳገት የሚወጣ ማን አለ? ከአበርገሌ ተፈናቅሎ ሰቆጣ የከረመውን ቤተሰብ በየትኛው ሰነድ ሊያመሳክረው ነው? የሕዝብ ቆጠራው የ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ የዋግ ሕዝብ 426,213 ተባለ፤ ለአማራ ክልል በተሰጠው ድምር ላይ ደግሞ 2.4 ሚሊዮን ሰው ጎደለ ተብሎ ፓርላማ ድረስ አከራከረ። ከዚያ በኋላ የተቆጠረ የለም።

ወንድሜ በዚህ ሁሉ ካልተመለሰ አንድ ነገር ብቻ ይቀበለኝ። «ያጣራው» በሚለው አምድ ሥር የሰው ስምና ፊርማ ይግባ። «ቻትጂፒቲ» ተብሎ ተሞልቶ አይቻለሁ።