ዘፈኑን ወደው ዘፋኟን፣ ብሩን ወደው እኛን

ዛሬ የምጽፈው ስለ ማዳም አይደለም፣ ስለ ደሞዝም አይደለም። ስለ ዘፈን ነው። «አሁን ይሄ የዘፈን ጊዜ ነው እንዴ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡኝና ከዚያ ፍረዱ።

ቤይሩት ከመጣሁ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሊባኖስ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ እዚህ አገር ጠዋት ማለት ፌይሩዝ ማለት ነው። ሬዲዮው፣ ታክሲው፣ ዳቦ ቤቱ፣ ሁሉም ጠዋት ጠዋት እሷን ነው የሚከፍተው። የእኔም ማዳም ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ በስልኳ ትከፍታለች፣ እኔ ቡናውን ሄል ጨምሬ አፍልቼ አቀርባለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ያንን ድምፅ ጠልቼው ነበር። ገና ሲጀምር «ተነሺ፣ ሥራ ጀምሪ» የሚለኝ ነበር የሚመስለኝ። ቋንቋውም አይገባኝም። በቃ የሀብታም ዘፈን ነው ብዬ ነበር የደመደምኩት።

ሐሳቤን ያስቀየሩኝ የማዳም እናት ናቸው። ቴታ ነው የምላቸው፣ በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። ገላቸውን የማጥበው፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ የምሰጠው እኔ ነኝ። አንድ ጠዋት ሽንኩርት እየላጥኩ ዘፈኑ ሲጀምር ፊቴን ቋጠር ሳደርግ አዩኝና ሳቁ። «አትጥያት፣ እሷም እንዳንቺ ማድ ቤት ውስጥ ሆና ነው ዘፈን የሰማችው» አሉኝ። ከዚያ ቁጭ ብለው ታሪኳን አወሩልኝ። እኔም በኋላ በስልኬ እየፈለግኩ አነበብኩት።

ፌይሩዝ እውነተኛ ስሟ ኑሃድ ሐዳድ ነው። አባቷ ማተሚያ ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ሰው ነበሩ። እዚሁ ቤይሩት፣ ዙቃቅ አል-ብላጥ በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው ያደገችው፣ ማድ ቤቱ ከጎረቤት ጋር የጋራ ነበር። ሬዲዮ ለመግዛት አቅም ስላልነበራቸው ልጅቷ የጎረቤት ሬዲዮ እያዳመጠች ነው ዘፈን ያጠናችው። ድምፅ እንዳላት ታውቆ ልትማር ስትል አባትየው አልወደዱትም። የሰው ልጅ እንዴት አደባባይ ወጥታ ትዘፍናለች ነው ነገሩ። በስንት ልመና፣ ወንድሟ አብሯት እንዲሄድ ተደርጎ ነው የተፈቀደላት። ሬዲዮ ጣቢያ ገብታ ከአጃቢዎቹ ጋር ስትዘፍን ሐሊም አል-ሩሚ የሚባለው የሙዚቃ ሰው ነው ፌይሩዝ ብሎ የሰየማት። የከበረ ድንጋይ ስም ነው።

ከዚያ በኋላ ዓለም አወቃት። ቤቷ ግን ሌላ ነበር። ባሏ አሲ ራህባኒ የዘፈኖቿ ደራሲ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ታመመ። አንዱ ልጇ ሐሊ በሕፃንነቱ በያዘው በሽታ ምክንያት አካል ጉዳተኛ ሆነ፣ ለብዙ አስርት ዓመታት እሷው ነች የተንከባከበችው። ልጇ ላያል እ.ኤ.አ. በ1988 ሞተችባት። እኛ አገር በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ደግሞ ራሱ ትልቅ ሙዚቀኛ የሆነው ልጇ ዚያድ ሞተ። ከ1975 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. አገሩ እርስ በርሱ ሲተላለቅ አቅሙ ያለው ሁሉ ሲወጣ እሷ አገሯን ትታ አልሄደችም። የዚህ ወገን ነኝ የዚያ ወገን ነኝ እንዳይባል ጦርነቱ እስኪያልቅ ሊባኖስ ውስጥ መድረክ ላይ እምብዛም አልወጣችም።

እህቶቼ፣ ይህን ካወቅኩ በኋላ ያ ድምፅ ሌላ ሆነብኝ። ልጇን ገላውን ስታጥብ፣ ስታበላ ታየችኝ። እኔም ቴታን ሳጥብ አሁን ከሷ ጋር አብሬ አንጎራጉራለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ።

ጥር ላይ ታናሽ ወንድሜ አገባ። ድንኳኑ፣ በሬው፣ ባንዱ ሳይቀር ከእኔ ሐዋላ ነው። ኮንትራቴ ስላላለቀ መሄድ አልቻልኩም፣ በስልክ ቪዲዮ ነው ያየሁት። አንዲት ልጅ ትዘፍናለች፣ ድምጿ አንጀት ይበላል። ሰው ሁሉ ይጨፍራል፣ ግንባሯ ላይ ብር ይለጥፋል። ዘፈኑ ጋብ ሲል አክስቴ ስልኩን ይዛ «ድምጿስ ጥሩ ነበር፣ ግን ምን ያደርጋል፣ አዝማሪ ናት። ማን ቁም ነገር ብሎ ያገባታል?» አለችኝ። አምስት ደቂቃ እንኳን አልሆነም እኮ በዘፈኗ ከጨፈረች!

ወዲያው አንዲት የሙሽራዋ ዘመድ ወደ ስልኩ ብቅ ብላ «ነርሷ ይቺ ናት?» ብላ ጠየቀች። እናቴ «አዎ፣ ቤይሩት ሆስፒታል ነው የምትሠራው» አለች።

እኔስ ምን አደረግኩ? ከኋላዬ ያለው የልብስ ማጠቢያ ማሽን እንዳይታይ ስልኩን ወደ ፊቴ ጠጋ አደረግኩት። ይሄው ነው ያደረግኩት። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያቺ ዘፋኝና እኔ የአንድ እናት ልጆች መሰልን። የሷን ድምፅ ወደው እሷን ናቁ፣ የእኔን ብር ወደው ሥራዬን ደበቁ።

ይሄ በእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። በማረሻው እያረሱ ቀጥቃጩን ቡዳ ሲሉት ኖረዋል። በሸክላ ድስት ወጥ እየበሉ ሸክላ ሠሪዋን አርቀው አስቀምጠዋታል። አዝማሪውም እንደዚያው ነው። ሠርጉ፣ ድግሱ፣ ጠጅ ቤቱ ያለሱ አይደምቅም። በጣሊያን ጊዜም አርበኛውን በግጥሙ ያበረታ የነበረው እሱ ነው። ቃሉ እኮ ከግዕዝ «ዘመረ» የመጣ ነው፣ መዝሙር ከምንለው ጋር ዘመድ ነው። እኛ ግን ስድብ አደረግነው።

አስናቀች ወርቁን አስቡ። የክራሯን ድምፅ የማያውቅ አለ? በአገራችን ቴአትር ሲጀመር የሴት ሆነው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፣ ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር ስለነበር። ያንን ነውር ጥሰው ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ እሷ ናት። ግጥም እዚያው እየፈጠረች፣ ክራሯን እየመታች፣ ሰውን ስታስቅና ስታስለቅስ ኖረች። ክራሯን ወዶ እሷን የሚያማ ግን አልጠፋም። በመስከረም 2004 ዓ.ም. አረፈች። ዛሬ ፈረንጅ ሳይቀር ሥራዋን በሲዲ አሳትሞ ይሰማታል፣ ፊልምም ተሠርቶላታል። ያኔ ሲያሟት የነበሩት ሰዎች ልጆች ዛሬ በሷ ዘፈን «የኛ ባህል» ይላሉ።

ሥራው እንደ ሥራ አለመቆጠሩም ያመሳስለናል። ዘፋኞቻችን በካሴት ዘመን ሥራቸው እየተገለበጠ ሲሸጥ ሌላው ነበር የሚከብርበት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፣ ስንቱ ካለፈ በኋላ። እኛስ? እዚህ ያለው የሠራተኛ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲወጣ የቤት ሠራተኛን አይመለከትም ብሎ ነው የጻፈው፣ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ ሰው ይንቅሃል፣ ከዚያ ሕጉም ይረሳሃል። ራስህ ሥራህን ከደበቅከው ደግሞ ማን ይከራከርልሃል?

«ዘፋኞችማ ሀብታም ናቸው፣ ከኛ ጋር ምን አገናኛቸው?» ትሉኝ ይሆናል። ሀብታም የሆኑትን ነው የምናየው። ሌሊት ሆቴል ዘፍና ጠዋት ልጇን ትምህርት ቤት የምታደርሰውን አናያትም። «ዘፈን ኃጢአት ነው» የምትሉም እህቶች አላችሁ፣ እምነታችሁን አከብራለሁ፣ አልከራከራችሁም። እኔ የምለው ስለ ንቀት ነው። የማይሰማ አይስማ፣ ግን እየሰሙና እየጨፈሩ መሳደብ ምን ይሉታል? በኛ ብር ቤት እየሠሩ «አረብ አገር የኖረች ሴት ለትዳር አትሆንም» ማለትስ?

ቅድም አክስቴን ወቀስኩ፣ ግን ራሴም አልነጻሁም። ስልኩን ጠጋ ያደረግኩት እኔው ነኝ። እኔ ራሴ ያፈርኩበትን ሥራ እናቴ እንዴት ትኩራበት? ፌይሩዝን የጎረቤት ሬዲዮ ስትሰማ ያደገች መሆኗ አላሳነሳትም፣ እንዲያውም ሰው ይበልጥ የወደዳት ታሪኳን ሲያውቅ ነው። እኛ ግን ታሪካችንን ቆርጠን ጥለን ብሩን ብቻ ነው የምንልከው።

ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ለእናቴ ደውዬ «እማ፣ ነርስ ናት አትበዪ። ሰው ቤት ነው የምትሠራው፣ አሮጊት ነው የምትጦረው በዪ» አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ «እሺ ልጄ፣ ግን ለአማቾቹ ለጊዜው አንንገር» አለችኝ። አልፈረድኩባትም፣ እዚያ ሰፈር የምትኖረው እሷ ናት። ለወንድሜ ሚስት ግን ራሴው ደወልኩላትና ነገርኳት። እሷም ዝም አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«የኔም አክስት ኩዌት ናት። እኛም አንናገርም።»

ይኸው ነው እህቶቼ። ሁለት ቤተሰብ አንድ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ፣ በሁለት የቤት ሠራተኛ ብር ተደግሶ፣ አንዱ ከሌላው ይደብቃል።

ቀጣዩ ሠርግ ላይ የምትዘፍነዋን ልጅ የሚሰድብ ከሰማችሁ ዝም አትበሉ። ስለ ሥራችሁ ሲጠይቋችሁም ስልኩን ጠጋ አታድርጉት።

እስቲ እናንተም ጻፉልኝ፣ እናንተ ቤት ጠዋት የማን ድምፅ ነው የሚሰማው? አገር ቤትስ ምን ትሠራለች ብለው ነው የሚያወሩላችሁ?

እግዚአብሔር ሁላችንንም በሰላም ለአገራችን ያብቃን።