ጫፉን ማን ሠራው?

የቀለም ብዕር የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚያየው አካሉን ነው፤ መልኩን፣ ክብደቱን፣ በክዳኑ ላይ ያለውን የወርቅ ቀለበት፣ ከሁሉም በላይ ስሙን። ወረቀቱን የምትነካው ግን ከፊት ያለችው ጥፍር የምታህል ብረት ናት። መሐሏ ተሰንጥቆ ቀለሙ በስንጥቁ እየተሳበ ይወርዳል። ወርቅ ብቻውን ወረቀት ላይ ሲፈጋ ቶሎ ስለሚያልቅ፣ በጫፏ ላይ ከወርቅ እጅግ የጠነከረ ብረት የአሸዋ ቅንጣት ያህል ይበየድባታል። ብዕሩ ይለስልስ ወይም ይቧጥጥ የሚለው የሚወሰነው በዚያች ቅንጣት አሳሳል ነው። ይህችን ጫፍ ራሳቸው የሚሠሩ ድርጅቶች ጥቂት ናቸው፤ የቀሩት ከሌላ ገዝተው ይገጥማሉ።

መግዛታቸውን አልነቅፍም። የምነቅፈው ዝምታውን ነው።

ወደ ጃፓን ልሂድ፤ ነገሩ ጎልቶ የሚታየኝ እዚያ ነውና። ሦስት ቤቶች አሉ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ በ1911 በሂሮሺማ ግዛት ኩሬ በተባለችው የወደብ ከተማ የተቋቋመው ሴይለር፣ በ1918 ናሚኪ በሚል ስም የተነሣው ፓይለት፣ በ1919 የተመሠረተው ፕላቲነም። ሦስቱም እስከ ዛሬ ጫፋቸውን ራሳቸው ይሠራሉ። ፕላቲነም በ1978 ላወጣው ብዕር 3776 የሚል ስም ሰጥቶታል፤ የፉጂ ተራራ ከፍታ በሜትር መሆኑ ነው። ብዕርን በተራራ ቁመት መሰየም ትዕቢት ይመስል ይሆናል፤ እኔ ግን ወድጄዋለሁ።

የጃፓን ጫፍ ከሌላው የሚለየው በጽሕፈታቸው ምክንያት ነው። ከቻይና የወረሱት ፊደል በአንዲት ጠባብ ካሬ ውስጥ ብዙ ጭረት ያጭቃል፤ ትካዜን የሚያመለክተው አንዱ ፊደል ብቻውን 29 ጭረት አለው። በወፍራም ጫፍ ቢጻፍ የቀለም ጠብታ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ እነርሱ «ቀጭን» ያሉት ጫፍ ብዙውን ጊዜ ከአውሮፓው «ቀጭን» አንድ ደረጃ ይቀጥናል።

ይህ ለእኛም ፊደል ይበጃል። የአማርኛ ፊደል ሥራውን የሚሠራው በጥቃቅን ነገር ነው። የ«ሌ» ቀለበት በቀለም ከተደፈነች «ሊ» ሆና ትነበባለች፤ የ«መ» ሁለቱ ዓይኖች ከተሞሉ ፊደሉ ይታወራል። በጃፓን ጫፍ ስጽፍ ቀለበቶቼ ክፍት ሆነው ይቀራሉ፤ ወረቀት በምቆጥብበትና መስመር በማጠብበት ጊዜ እንኳ።

ከጫፍ ሠሪዎቹ መካከል ኖቡዮሺ ናጋሃራን ሳላነሣ አላልፍም። በሴይለር ቤት ኖረው በ2015 ያረፉት እኒህ ባለሙያ «ናጊናታ ቶጊ» የሚባለውን ጫፍ አበጁ። ናጊናታ የጃፓን ተዋጊዎች ይይዙት የነበረ፣ ረጅም እጀታ ያለው ጎባጣ ስለት ነው። በዚህ ጫፍ ላይ የተበየደችው ቅንጣት ረዝማ ትሳላለች፤ ብዕሩን ቀና አድርገው ሲይዙት መስመሩ ይቀጥናል፣ ዘንበል ሲያደርጉት ይወፍራል። በብሩሽ ጽሕፈት ያለው መቅጠንና መወፈር በብረት እንዲገኝ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስበው ብዕር ነጋዴ አይደለም፤ ጽሕፈት የሚወድ ሰው ነው።

እንግዲህ እነዚህ ቤቶች የሠሩት ጫፍ በሌላ ስም ብዕር ላይም ይገኛል። የሚያኮራው ምሳሌ ናካያ ነው። አካሉ ከጠንካራ ጎማ ተቀርጾ ኡሩሺ በተባለ የዛፍ ሙጫ በእጅ ይቀባል፤ ጫፉ የፕላቲነም ነው፤ ይህንንም ማንም አይደብቅም። በሌላ በኩል ከ1846 ጀምሮ የኖረው የአሜሪካው ክሮስ «ፒርለስ 125» የተባለውን ብዕሩን ሲያወጣ የወርቅ ጫፉን ያሠራው በሴይለር ነበር። የገዛው ሰው የሚኮራው ግን በክሮስ ነው፤ ኩሬ የምትባል ከተማ መኖሯንም ላይሰማ ይችላል።

«ታዲያ ምን አለበት?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። «ቤት የሚሠራ ሰው የሲሚንቶ ፋብሪካውን ስም በበሩ ላይ ይጽፋል ወይ?» አይጽፍም። ጫፍ ግን ሲሚንቶ አይደለችም። ውድ አንባቢ፣ የተርጓሚው ስም የሌለበት የትርጉም መጽሐፍ ገጥሞዎት ያውቃል? ደራሲው በሽፋኑ ላይ ጎልቶ አለ፤ አሳታሚውም አለ፤ በአማርኛ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር የደከመበት ሰው ግን የለም። ስሜት የሚነካው ያ ነው። የእኛ የብራና መጻሕፍት በዚህ ይሻላሉ፤ በብዙዎቹ ላይ ያጻፈው ባለጸጋና የጻፈው ቁም ጸሐፊ ስማቸው በጸሎቱ አብሮ ይነሣል። ገንዘቡ የባለጸጋው፣ እጁ የጸሐፊው ነበረ፤ ሁለቱም ተጠርተዋል።

ክሮስን ለይቼ ለመክሰስ አይደለም፤ ከጀርመን ጫፍ ገዝተው የራሳቸውን ስም ብቻ የሚቀርጹ ሌሎች ብዙ አሉ። ዋጋው በጨመረ ቁጥርም ዝምታው የሚበረታ ይመስለኛል። ርካሽ ብዕር የሚሸጥ ትንሽ ቤት ጫፉ ከየት እንደመጣ እንደ ሞገስ ቆጥሮ ይናገራል፤ ትልቁ ስም ግን ስሙ የሚቀንስበት ይመስለዋል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በማሸጊያው ወረቀት ላይ አንዲት አጭር መስመር ትበቃለች፤ «ጫፉ የሴይለር ሥራ ነው» የምትል። በ1930 የለንደኑ ደንሂል ከናሚኪ ጋር ተዋውሎ በወርቅ ብናኝ ያጌጡትን የጃፓን ብዕሮች ለአውሮፓ ሲያቀርብ «ደንሂል ናሚኪ» የሚሉትን ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን አስቀርጿል። ብዕሮቹ የዛሬዎቹን ያህል ቀጭን ነበሩ፤ ቦታ አልጠፋም።