መነጽሩ ጉልበት አያድንም!



ኦግመንትድ ሪያሊቲ በመነጽር ወይም በስልክ ካሜራ በምናየው እውነተኛ ሜዳ ላይ መስመር፣ ቀስትና ምስል የሚደርብ ቴክኖሎጂ ነው። "እግርህን እዚህ ጋ አሳርፍ" እያለ ስፖርተኛን ያሰለጥናል። "ይህ ከሌለን የአርባ ምንጭ ልጆች ወደ ኋላ ይቀራሉ" ለምትሉ፦ አይቀሩም! አርባ ምንጭ ከተማ ፕሪሚየር ሊግ የገባው በመነጽር አይደለም።

ለምን እቃወማለሁ?

👉 ዋጋው። አፕል ቪዥን ፕሮ እ.ኤ.አ. በ2024 ገበያ ላይ ሲውል 3,499 ዶላር ነበር። 3,500 ዶላር ይሸጥ የነበረው የማይክሮሶፍት ሆሎሌንስ 2 ደግሞ በዚያው ዓመት ምርቱ ቆመ። ነገ መለዋወጫ ከየት ልታመጡ ነው?

👉 ሜዳው። ሆሎሌንስ 2 ከግማሽ ኪሎ በላይ ይመዝናል። ይህን ጭንቅላቱ ላይ የጫነ ልጅ ኳስ በቴስታ አይመታም። በአባያ ዳር የቀትር ፀሐይ ደግሞ ምስሉ ራሱ ይደበዝዛል።

👉 ትምህርቱ። የእንቅስቃሴ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የሚያስጠነቅቁት ነገር አለ፦ በየሙከራው ስህተቱ የሚነገረው ሰው በልምምድ ላይ ጎበዝ ይመስላል፤ ምክሩ ሲቋረጥ ግን ይደክማል። በጨዋታ ቀን ቀስት የሚያሳየው የለም። ሰውነቱ ራሱን ማዳመጥ አለበት።

ቴክኖሎጂ ጠላቴ አይደለም። ዝላያችሁን በስልክ ቀርጻችሁ ቀስ አድርጋችሁ ብታዩት ይጠቅማችኋል። ግን ቅደም ተከተል ይኑረን። የጉልበት መስቀለኛ ጅማት የተበጠሰበት ልጅ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ቢያንስ 9 ወር ከውድድር ይርቃል። አንዳንዱ ጭራሽ አይመለስም። ይህን ጉዳት የሚቀንስ ነገር ደግሞ በእጃችን አለ፤ እሱም በነጻ!

✅ "ፊፋ 11+" የሚባለው የማሟሟቂያ ፕሮግራም 15 እንቅስቃሴዎች አሉት፤ 20 ደቂቃ ይወስዳል። የተዘጋጀው 14 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ነው፤ ለትንንሾቹ የልጆች ፕሮግራም አለ። በትክክል በሠሩት ቡድኖች ላይ ጉዳትን በሲሶ ገደማና ከዚያም በላይ እንደቀነሰ በጥናት ታይቷል።
✅ በሳምንት ቢያንስ 2 ጊዜ ሥሩት።
✅ ከዝላይ ስታርፉ ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጋችሁ በቀስታ እረፉ። ጉልበት ወደ ውስጥ አይግባ፤ የእግር ጣት ወደሚያይበት አቅጣጫ ይሁን።

ወላጆች፣ ልጃችሁን የሚያሰለጥነውን ሰው "መነጽር አላችሁ ወይ?" አትበሉት። "ከልምምድ በፊት 20 ደቂቃ ታሟሙቃላችሁ ወይ?" በሉት። ሲኬላም ሁን ሴቻ፣ መልሱ "አይ" ከሆነ ዝም አትበሉ።

ለአሰልጣኞችና ለወላጆች ሼር አድርጉላቸው። ጤና ይብዛላችሁ!