የአንድ ቀን መታሰቢያ ለቤተ ሰብ ምን ይጠቅማል?

በዓመት ውስጥ ካሉት ቀኖች ብዙዎቹ ለልዩ ልዩ ደዌና ለልዩ ልዩ ችግር መታሰቢያ ሆነው ተመድበዋል። የሳንባ ነቀርሳም ቀን አለው፤ የስኳር በሽታም ቀን አለው። ስለዚህ አንዳንድ ሰዎች፥ «ቀኑ ለአዳራሽ ንግግርና ለጋዜጣ ሥዕል ካልሆነ በቀር ለባለ ችግሩ ምን ይረባዋል?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለምና፥ ኦቲዝም ለሚባለው ነገር የተመደበውን ቀን ምሳሌ አድርገን ዛሬ በዚህ ገጽ ልንመረምረው አሰብን።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ የቀጠር መንግሥት ያቀረበውን ሐሳብ ተቀብሎ፥ መጋቢት 24 ቀን በየዓመቱ የኦቲዝም ቀን ሆኖ እንዲታሰብ በ2000 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ወሰነ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ለመጀመሪያ ጊዜ ታሰበ።

ኦቲዝም ከአእምሮ ዕድገት ጋራ የተያያዘ ልዩነት ነው እንጂ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ደዌ አይደለም። ሕፃኑ በስሙ ሲጠሩት ዘወር አይልም፤ የወደደውን ነገር በጣቱ አያመለክትም፤ ንግግሩ ይዘገያል፤ አንዱን እንቅስቃሴ ሳይሰለች ይደጋግማል፤ ጫጫታ ሲበዛበት ይጨነቃል። ነገር ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። ከነርሱ መካከል ዕድሜ ልኩን የማይናገር አለ፤ በትምህርት ልቆ ለከፍተኛ ሥራ የሚበቃም አለ።

ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም በአሜሪካ አገር የ11 ሕፃናትን ጠባይ መርምሮ ይህን ነገር የገለጸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ግን አንዳንድ ሊቃውንት፥ «ልጁን እንዲህ ያደረገው የእናቱ ፍቅር መቀዝቀዝ ነው» ብለው አስተማሩ። ብዙ እናቶችም ባላጠፉት ጥፋት ሲያለቅሱ ኖሩ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. በርናርድ ሪምላንድ የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ፥ እርሱ ራሱ የእንደዚህ ያለ ልጅ አባት ነበርና፥ ነገሩ ከተፈጥሮ የሚመጣ መሆኑን በመጽሐፍ አስረድቶ ይህን ክስ ተቃወመ። በኋላ የተደረገውም ምርምር አብዛኛው ምክንያት በዘር የሚወረስ መሆኑን አጸና።

በአገራችንም ያው ክስ ሌላ ልብስ ለብሶ ይገኛል። አንዱ እርግማን ነው ይላል፤ ሌላው የሰይጣን ሥራ ነው ይላል። እናቲቱም የልጅዋ ጭንቀት ሳይበቃት የጎረቤት አፍ ይጨመርባታል። እንግዳ ሲመጣ ልጁ ወደ ጓዳ ይገባል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፥ የተደበቀ ልጅም አስተማሪ አያገኝም።

እንግዲህ የመታሰቢያው ቀን የመጀመሪያ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ስም የሌለውን ነገር በስሙ ይጠራዋል። በዚያ ቀን በራዲዮ የሚነገረውን የሰማች እናት፥ የልጅዋ ነገር ቅጣት አለመሆኑን፥ እንደርስዋም ያሉ ብዙዎች መሆናቸውን ታውቃለች። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የራሳቸውን ልጅ የሚቀበል ትምህርት ቤት ባጡ ጊዜ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ያቋቋሙት፥ የልጃቸውን ነገር ሳይሸሽጉ ለሕዝብ በመናገራቸው ነው። ይህም የሆነው የዓለሙ ቀን ከመወሰኑ አስቀድሞ ስለ ሆነ፥ ቀኑ ደፋሮችን እንደሚያግዝ እንጂ በደፋሮች ፈንታ እንደማይሠራ ያስተምረናል።

ነገር ግን ቀኑ ጉድለት የለበትም አንልም። ኦቲዝም ካለባቸው አዋቂዎች ብዙዎቹ፥ መታወቅ ብቻ አይበቃንም፥ እንደ ሰው መቀበልን እንሻለን ይላሉ። እውነታቸውን ነው። በመጋቢት 24 ንግግሩን ሰምታ በመጋቢት 25 ልጅዋን ይዛ የወጣች እናት፥ በጤና ጣቢያው የሚያስረዳት ካጣች፥ ትምህርት ቤቱም በሩን ከዘጋባት፥ ተስፋዋን ቀስቅሰን መልሰን ሰብረነዋል። ከዚህስ ዝምታ ይሻል ነበር ብትል ማን ይፈርድባታል?

ስለዚህ በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችን፥ በአዳራሹ የክብር ወንበር ላይ ስትቀመጡ ይህን ለራሳችሁ ጠይቁ፤ ባለፈው ዓመት ከተናገርነው የትኛው ተፈጸመ? ስንት መምህራን ተማሩ? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ ሲገቡ ምልክቱን አይተው ወላጆችን ወደ ሐኪም እንዲመሩ ምን ተደረገ? ቀን መመደብ ወጪው ጥቂት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ መሥራት ግን በጀትና ትዕግሥት ይጠይቃል።

በቤታችሁም ቢሆን፥ ዘመድ ወይም ጎረቤት እንዲህ ያለ ልጅ ቢኖረው፥ እናቲቱን «ምን አድርገሽ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ምን ላግዝሽ?» በሉአት፤ ልጁንም ከልጆቻችሁ ጋራ ለጨዋታ ጥሩት። መጋቢት 24 ቀን ጥሩ ማሳሰቢያ ነው፤ ዋጋው የሚታወቀው ግን በቀሩት ቀኖች በምናደርገው ነው።