ሒሳብ መርማሪውና ቁልፉ

ቀድሞ ሒሳብ መርማሪ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሲመጣ መዝገብ ያዡ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አያስረክበውም ነበር። የጠየቀውን ፋይል ብቻ አስፈርሞ ያወጣለታል፤ መርማሪውም እዚያው አንብቦ፣ አንዲት ፊደል ሳይፍቅ ይመልሳል።

ዛሬ መዝገቡ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቷል። ከዚያም አልፎ ክላውድ በተባለው አሠራር በሌላ ድርጅት ማሽን ላይ ተቀምጦ በኢንተርኔት ይነበባል። ማን ገባ፣ መቼ ገባ፣ የትኛውን ቁጥር ለወጠ የሚለውን ማሽኑ ራሱ ይጽፋል፤ ይህም ሎግ ይባላል። የእንዲህ ያለውን ጽሑፍ ጥቅም ተማሪዎቻችን ሳያውቁት አይቀሩም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት በተሳተ ጊዜ ያላግባብ የወጣው ገንዘብ በማን እጅ እንደ ገባ የታወቀው፣ አብዛኛውም የተመለሰው፣ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ተመዝግቦ በመገኘቱ ነው።

አሁን ወደ አሶሳ እንመልከት። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ኦዲተር የሚመረምራቸው መሥሪያ ቤቶች እስከ ካማሺና እስከ መተከል ተበትነዋል፤ መተከልም ከዓባይ ማዶ ነው። ሎጉን አሶሳ ተቀምጦ ማንበብ ቢቻል ጊዜም፣ ነዳጅም፣ የውሎ አበልም ይተርፋል። ፈተናው ግን እዚሁ ላይ ነው። የኮምፒዩተሩ ሠራተኛ ድካም ለመቀነስ ሲል ሁሉን የሚከፍተውን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል በስልክ ነግሮ ይገላገል ይሆናል።

ይህ ኦዲተሩን ማክበር ይመስላል፤ የሚጎዳው ግን እርሱኑ ነው። ነገ አንድ መስመር ጠፍቶ ቢገኝ፣ መሰረዝ ይችል ነበርና የመጀመሪያው ተጠርጣሪ እርሱ ይሆናል። ሳልትዘርና ሽሮደር የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1975 እንደ ጻፉት፣ ማንም ተጠቃሚ ሥራውን ለመፈጸም ከሚበቃው በላይ ሥልጣን ሊሰጠው አይገባም። ትልልቆቹ የክላውድ ድርጅቶችም ማንበብንና መሰረዝን በተለያየ ፈቃድ ለይተዋቸዋል። በሎጉ ውስጥ የሠራተኛውና የባለጉዳዩ ስም ሊገኝ ስለሚችል፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ነገሩን ይመለከተዋል።

ነገር ግን አንዳንድ ሹም ይህንኑ ሰበብ አድርጎ ለኦዲተር በሩን ይዘጋ ይሆናል። የሚበቃውን መስጠትና መከልከል አንድ አይደሉም! የሚመረመረውን መሥሪያ ቤት የበጀት ዓመት ሎግ፣ ምንም ሳይቀነስ፣ ማንበብ ይገባዋል። ተመርማሪው ራሱ መርጦ ገልብጦ የሚሰጠው ወረቀት ማስረጃ አይባልም። ስለዚህ ሎጉ ከተመርማሪው ሹም እጅም፣ ከኮምፒዩተሩ ሠራተኛ እጅም ወጥቶ ማንም ሊሰርዘው በማይችልበት ስፍራ ይቀመጥ። ለኦዲተሩ በገዛ ስሙ የንባብ ፈቃድ ይሰጠው፤ ምርመራው ባለቀ ቀንም ፈቃዱ ይዘጋ። እርሱ ምን እንዳነበበም እንዲሁ ይመዝገብ።