ድድ ስለደማ ብሩሽ አይጣልም

ጥርሳችንን ስንቦርሽ ደም ካየን ብዙዎቻችን ብሩሹን እናስቀምጣለን። «ድዴ ቆስሏል፣ ትንሽ ይረፍ» እንላለን። እኔ ግን ድዱን የሚጎዳው ይሄው እረፍት ነው ባይ ነኝ።

ዴንማርክ ውስጥ ሃራልድ ሎ የተባለ ተመራማሪ ጤነኛ ድድ ያላቸውን 12 ሰዎች ጥርስ ማጽዳት አስቁሟቸው ነበር። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1965 አሳተመው፦ ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ የሁሉም ድድ ታመመ። ማጽዳት ሲጀምሩ በሳምንት ገደማ ዳኑ።

ጥርስና ድድ ሲገናኙ የሚከማቸው ለስላሳ ቆሻሻ የባክቴሪያ ሰፈር ነው። ካልተነካ ይወፍራል፣ ከሥሩ አየር ያጣል፤ ያኔ አየር የማይወዱት ባክቴሪያዎች ይበዛሉ። ከነሱ አንዱ፣ ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ (ስሙ ራሱ አፍ ያደክማል)፣ ከደም የሚያገኘውን ብረት ይመገባል። የሚደማ ድድ ለሱ ድግስ ነው! ሰውነታችን እነሱን ሲዋጋ ደግሞ ጥርስን የያዘው አጥንት አብሮ ይበላል። ድድ ይድናል፤ የተበላ አጥንት ግን በራሱ አይመለስም።

ስለዚህ ለስላሳ ብሩሽ ይዛችሁ የሚደማውን ቦታ ቀስ እያላችሁ አጽዱት፣ አትዝለሉት። ጠንክሮ ድንጋይ የሆነውን የሚያነሳው ሐኪም ነው። ሁለት ሳምንት አጽድታችሁ ደሙ ካልቆመ በጨው ውሃ እየተጉመጠመጣችሁ አትክረሙ፤ የጥርስ ሐኪም ጋ ሂዱ።