ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ስለሚያሳየን ነገር

ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ቀለም የጐደለው ሥዕል ነው የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። አባባሉን በመጀመሪያ ሲሰሙት እውነት ይመስላል፤ ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ሰማዩ ሰማያዊ፣ አፈሩም ቀይ ሆኖ ሳለ ሁሉን ወደ ግራጫነት የሚለውጥ ሥዕል ከተፈጥሮ አንድ ነገር መቀነሱ አይካድም። እኔ ግን የተቀነሰው ለዓይናችን ጥቅም ነው እላለሁ። ይህም ይበልጥ የሚታወቀው የፎቶግራፉ ጉዳይ ሰው ሳያያቸው የሚያልፋቸው ጥቃቅን የተፈጥሮ ነገሮች ሲሆኑ ነው፤ የዛፍ ቅርፊት፣ የቅጠል ጅማት፣ የደረቀ ጭቃ ስንጥቅ፣ የሸረሪት ድር።

ምክንያቱን ላስረዳ። ቀለም ከሁሉ አስቀድሞ የሚነግረን የነገሩን ስም ነው። አረንጓዴ ስናይ «ሣር ነው»፣ ቡናማ ስናይ «ግንድ ነው» እንላለን፤ ስሙን ካገኘን በኋላም ዓይናችን ሥራውን እንደ ጨረሰ ቈጥሮ ወደ ሌላ ይሄዳል። ይህን ለመመርመር ብትፈልጉ፣ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄዱ በየዕለቱ የምታልፉትን አንድ ዛፍ አስቡ። ቅርፊቱ ከላይ ወደ ታች የተሰነጠቀ ነው ወይስ እንደ ወረቀት እየተላጠ የሚወድቅ? ሳያመነቱ የሚመልሱ ጥቂቶች ናቸው፤ የቅጠሉን ቀለም ግን ሁላችሁም ትመልሳላችሁ። ቀለሙ ሲወገድ ስሙ ይዘገያል፤ ስሙ በዘገየ ቍጥርም ዓይን ቅርጹን፣ የገጹን ሸካራነትና ልስላሴ፣ የብርሃኑንና የጥላውን አካሄድ ለመከተል ይገደዳል።

እ.ኤ.አ. ከ1865 እስከ 1932 የኖረው ጀርመናዊ ካርል ብሎስፌልት ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው። በወጣትነቱ በብረት ማቅለጫ ቤት ሙያ የተማረ ሰው ነበር፤ በኋላም በበርሊን በሚገኝ የእደ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። ተማሪዎቹ የዕፀዋትን ቅርጽ አጥንተው እንዲቀርጹ ለማድረግ ሲል፣ ራሱ በሠራው ካሜራ ግንዶችን፣ እምቡጦችንና የፍሬ ልባሶችን ብዙ እጥፍ አጕልቶ ያነሣ ነበር። ከተክሉ በስተኋላ የሚያደርገው ነጭ ወይም ግራጫ ካርቶን ብቻ ነው። በዚህ ሁኔታ ከ30 ዓመት በላይ ከሠራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1928፣ ዕድሜው ከ60 ዓመት ሲያልፍ፣ 120 ሥዕሎች የያዘ መጽሐፍ አሳተመና ስሙ ታወቀ። ብዙዎች ታላቅ የጥበብ ሰው ብለው አደነቁት፤ እርሱ ግን ሥዕሎቹን ያዘጋጃቸው ለማስተማሪያ ነበር። እኔን የሚያስደስተኝ ይህ ሁለተኛው ነው።

የዱባ ሐረግ በአጥር ላይ ሲወጣ የሚይዝባቸውን ቀጫጭን ጠምዛዛ ክሮች ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ወይም የምታውቁ ይመስላችኋል። ብሎስፌልት እነዚህን ክሮች 4 እጥፍ አጕልቶ ባነሣው ፎቶግራፍ ላይ ግን የሚታየው አንጥረኛ በእሳት አግሎ የጠመዘዘው የቤተ መንግሥት በር ጌጥ ነው። በጥላማ ቦታ የሚበቅለው የፈርን ለጋ ቅጠልም ገና ሳይፈታ ጫፉ የተጠቀለለ ምርኩዝ ይመስላል። እነዚህ ሥዕሎች አረንጓዴ ቢሆኑ ኖሮ «ዱባ ነው» ብለን ገጹን በገለጥነው ነበር።

አሜሪካዊው ኤድዋርድ ዌስተንም እ.ኤ.አ. በ1930 አንድ የፈረንጅ ቃሪያ ዘይት ወደ ጠርሙስ በሚገለበጥበት አፈ ሰፊ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጦ አነሣ። ብርሃኑ ከላይ ገብቶ ከቆርቆሮው ግድግዳ እየተመለሰ በቃሪያው እጥፋት ላይ ስለሚሄድ፣ ሥዕሉ የጐበጠ ጀርባና የታጠፈ ክንድ ያለው ሰው ያስመስለዋል። «ቃሪያ ቍጥር 30» የሚባለው ዝነኛ ሥዕል ይህ ነው። (ዌስተን ሥዕላቸውን ያነሣቸውን ቃሪያዎች ይመገባቸው ነበር፤ ነገሩ እርሱን ራሱን ያስቀው ነበር።)

«እነዚህ ሰዎች ቀለም ስላልነበራቸው እንጂ መቼ መርጠውት?» የሚል ተቃዋሚ ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ የሉሚዬር ወንድማማቾች የሠሩት ኦቶክሮም የተባለው ባለቀለም የፎቶግራፍ መስታወት እ.ኤ.አ. ከ1907 ጀምሮ ይሸጥ ነበር። እርግጥ ነው፣ ብዙ ብርሃን የሚጠይቅና ለሥራ የማይመች ነበር፤ ስለዚህ ምርጫው ሁሉ የፈቃድ ነበር ማለት አይቻልም። ሌላው ተቃውሞ ግን ከዚህ ይከብዳል። ቀይ አበባና አረንጓዴ ቅጠል በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ አንድ ዐይነት ግራጫ ሊሆኑና ሊቀላቀሉ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ፊልሙ ያለውን ልዩነት ይደብቃል። ይህ እውነት ነው። ፎቶግራፍ አንሺው በሌንሱ ላይ ቀይ ማጣሪያ ቢያደርግ አበባው ይነጣል፣ ቅጠሉም ይጠቍራል፤ ይህን የሚያደርገው ግን አስቀድሞ ካሰበበት ብቻ ነው።

የፊልሙም ጠባይ ለማሰብ ያስገድዳል። በፊልሙ ገጽ ላይ የተለበጡት የብር ጨው ቅንጣቶች ብርሃን ካገኛቸው በኋላ፣ በጨለማ ክፍል በመድኀኒት ሲታጠቡ ወደ ጥቁር ብርነት ይለወጣሉ፤ ብርሃን ያላገኛቸው ደግሞ በሌላ መድኀኒት ታጥበው ይወገዳሉ። አንድ ጥቅል ፊልም 36 ሥዕል ያህል ብቻ ይይዛል፤ የተነሣውም እስኪታጠብ ድረስ አይታይም። ዛሬ በእጅ ስልክ አንድን ቅጠል 50 ጊዜ አንሥቶ፣ ቀለሙንም በኋላ አጥፍቶ «ጥቁርና ነጭ ነው» ማለት ይቻላል። በስልክ መልካም ሥዕል አይነሣም አልልም። ነገር ግን ቀለሙ በኋላ የጠፋለት ሰው ቅጠሉን ሲያነሣ ያየው አረንጓዴውን ነው፤ ፊልም የያዘው ሰው ግን ጣቱን ከመጫኑ በፊት ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ ነበረበት።

ጥያቄውም ቀላል አይደለም። ከጧቱ በ1 ሰዓት ፀሐይ ከጐን ስትመታው፣ የአሮጌ ዛፍ ቅርፊት ሸለቆና ተራራ ያለበት አገር ይሆናል፤ እያንዳንዱ ስንጥቅ የራሱን ጥላ ይጥላል። በ6 ሰዓት ፀሐይ ከአናት ላይ ስትሆን ያው ሸለቆ ጥላው አጥሮ ይታያል፤ በደመና ቀን ደግሞ ጥላ የሚባል ነገር ስለማይኖር ቅርፊቱ ዝርግ ግራጫ ሰሌዳ ይመስላል።

ካሜራ የሌላችሁ ተማሪዎች ይህን በብዕር ልትሞክሩት ትችላላችሁ። አንድ ቅጠል አምጥታችሁ በመስኮት አጠገብ አስቀምጡና አንድም የቀለም ስም ሳትጠሩ በጽሑፍ ግለጡት። ከሦስት ዐረፍተ ነገር በኋላ የምትጽፉት ነገር ያለቀባችሁ ይመስላችኋል። ያን ጊዜ ቅጠሉን ገልብጡትና በጀርባው ያሉትን ጅማቶች እያያችሁ ቀጥሉ።